ያላዘዝኩት አገልግሎት፦ የፍጥነት ካሜራ በነባር ደንበኛ ዓይን

ሰው ስለ ክትፎ ቤት ግምገማ ይጽፋል። ስለ ጸጉር ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ገንዘብ መላኪያ ይጽፋል። እኔ ስለ ፍጥነት ካሜራ ልጽፍ ነው። አትሳቁ። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ ታክሲ፣ ከዚያ ኡበርና ሊፍት ስነዳ 11 ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት ናይንዝ ስትሪት ላይ ካሉት ያገራችን ምግብ ቤቶች ይልቅ ገንዘቤን አዘውትሮ የበላው መንገድ ዳር የተገተረው ያ ሣጥን ነው። ስለዚህ ደንበኛ ነኝ። ያውም ነባር ደንበኛ። አስተያየት ለመስጠት ከኔ የተሻለ ማን አለ?

ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ፍጥነቱም በማይል። 25 ማይል ስል 40 ኪሎ ሜትር በሉት።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ራዳር ወይም ሌዘር አለ። መኪናችሁ ስታልፍ ፍጥነቷን ይለካል። ከልክ በላይ ስትሮጥ ካገኛት ፎቶ ያነሳታል፣ ወዲያው ደግሞ ይደግማታል፤ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ስንት እንደተጓዘች እንዲታይ ነው። ታርጋው ይነበባል፣ ከዚያ ፖስታው ቤት ድረስ ይመጣል። ማን ነበር የነዳው ብሎ አይጠይቅም። መኪናው በማን ስም ነው? እሱ ይክፈል። መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አይያዝም፣ ኢንሹራንስም አይሰማም። ባጭሩ እንደ ፓርኪንግ ቲኬት ነው፣ ከፍላችሁ ትረሱታላችሁ። መርሳቱ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ዋጋው እንደ ሰፈሩ ነው። ሜሪላንድ ለብዙ ዓመታት አንድ ዋጋ ነበራት፣ 40 ዶላር። በ12 ማይል ብታልፍም 40፣ በ45 ማይል ብታልፍም 40። በልቶ መጥገብ በአንድ ዋጋ እንደሚባለው ቡፌ ማለት ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ ሆነ። ከ12 እስከ 15 ማይል ላለፈ ያው 40፣ ከ16 እስከ 19 ላለፈ 70፣ ከዚያ 120፣ 230 እያለ ይወጣና 40 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈው 425 ዶላር ይከፍላል። እሰይ ነው ያልኩት። ትምህርት ቤት በር ላይ በ70 የሚበርና በ38 ያለፈ ሰው እኩል መክፈላቸው ድሮም አይገባኝም ነበር።

ዲሲ ጨካኝ ናት። ከ11 እስከ 15 ማይል ያለፈ 100 ዶላር፣ እስከ 20 ያለፈ 150፣ እስከ 25 ያለፈ 200። በጊዜው ካልተከፈለ እጥፍ ይሆናል። እጥፉንም ቀምሼዋለሁ፣ ፖስታውን ሳልከፍት የቲቪው መደርደሪያ ላይ ረስቼው።

የመጀመሪያ ቲኬቴን ላጫውታችሁ። የራሴ ጥፋት ስለሆነ በማንም አላመካኝም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው፣ ተሳፋሪዬ ኤርፖርት ሊሄድ ቸኩሏል። በየደቂቃው ስልኩን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ያያል። ሹፌር የሆነ ሰው ያንን ትንፋሽ ያውቀዋል። ሳይናገር "ንካው እንጂ" የሚል ትንፋሽ ነው። መንገዱ ባዶ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር፣ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ። ምልክቱ 25 ይላል፣ እግሬ ደግሞ 37። ብልጭ አለ። ተሳፋሪው ዘወር ብሎ "ምንድን ነው?" አለኝ። "መብረቅ" አልኩት። ጉርሻውን ጨምሮ ከዚያ ጉዞ 22 ዶላር አገኘሁ፣ ቲኬቱ 100 ዶላር መጣ።

ለብዙ ጊዜ ተናድጄ ነው የኖርኩት። ባዶ መንገድ፣ ሰው የለ፣ ልጅ የለ፣ ውሻ እንኳ የለ። ማንን ልገድል ነበር?

አንድ ቀን ተሳፋሪ እየጠበቅኩ በስልኬ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ማይል በ25 ሲሄዱት 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይፈጃል። በ37 ሲሄዱት 1 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ። ያተረፍኩት 47 ሰከንድ ነው። አንድ ቀይ መብራት ይበላዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር የመኪናው ምት በዚያው ልክ አይጨምርም፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚጨምረው። 37 ከ25 አንጻር ግማሽ ያህል ጭማሪ ቢመስልም ምቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ፋውንዴሽን 2011 ላይ ያወጣው ጥናት አለ። በ23 ማይል በሚሄድ መኪና ከተመቱ 100 እግረኞች 10 ያህሉ ይሞታሉ ይላል። በ32 ማይል ሲሆን 25ቱ። በ42 ማይል ሲሆን ግማሾቹ። እኔ 37 ላይ ሆኜ "ትንሽ ነው ያለፍኩት" እል ነበር። ይኸው ትንሿ።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታዬ። ከኪሴ ጋር አይገናኝም።

ሜሪላንድ ውስጥ ካሜራው የሚያነሳው ከተፈቀደው በ12 ማይል ስታልፉ ነው። እስከ 11 ማይል ምርቃት ነው። ምርቃት የማይወድ ሐበሻ ደግሞ የለም፣ ፈረንጁም ያው ነው። ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ 25 የሚል ምልክት ባለበት ሰፈር ሁሉም በ36 ይነዳል። በ36 ሲነዳ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ ብሎ ያስባል፣ ምክንያቱም ካሜራው ዝም ብሎታል። ካሜራው ሳይታወቀው አዲስ ሕግ አወጣ ማለት ነው። ከላይ ያለውን ቁጥር አስታውሱ፣ 32 ላይ ከአራት እግረኛ አንዱ ነው። ምርቃቱ የተሰጠው የመለኪያ ስህተት እንዳይኖርና ሰው በጥቂት ማይል እንዳይቀጣ ነው፣ እሱ ይገባኛል። ግን 11 ማይል ለመንደር መንገድ በዛ። ለአውራ ጎዳና ቢሆን እሺ።

የኤርፖርት ሹፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ይህ ጉዳይ አያልቅም። አንድ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሹፌር አሉ። ካሜራን "ቀራጩ" ነው የሚሉት። አንድ ቀን ቡናቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦

"እኔ 30 ዓመት ስነዳ ሰው ነክቼ አላውቅም። ስድስት ቲኬት ግን አለብኝ። ታዲያ ይሄ ነገር የሚጠብቀው ማንን ነው?"

አንዱ ልጅ እግር ከኋላ፣ "ጋሼ፣ ምናልባት ያልነኩት በስድስቱ ቲኬት ምክንያት ቢሆንስ?" አላቸው።

"ሂድ ወዲያ!" አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ባልተፈጠረ አደጋ ማን ይመሰክራል? ያልተገጨ ልጅ ወደ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል፣ ማንም አያውቀውም።

ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማወቅ እንግዲህ ከራሴ ተሞክሮ ውጪ መፈለግ ነበረብኝ። ደግነቱ እኔ ውዬ የማድርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በዚህ ጉዳይ ብዙ ከተጠኑት ቦታዎች አንዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተዝዳ፣ ዊተን፣ ያው የኛ ሰፈር። ካሜራው እዚያ የጀመረው 2007 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተዳደረው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም መንገዶቹን መለካት ብቻ ሳይሆን ያኔ ካሜራ ካልነበራቸው የቨርጂኒያ መንገዶች ጋር አወዳደራቸው። አማካይ ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ቀንሷል። ይህ ብቻውን ምንም አይመስልም። ከተፈቀደው ከ10 ማይል በላይ የሚያልፉት ግን ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ካሜራ ሊተከልባቸው በሚችሉት መንገዶች ላይ አደጋ ሲደርስ ሰው የመሞቱ ወይም ክፉኛ የመጎዳቱ ነገር በ39 በመቶ ወረደ። ኢንሹራንስ የራሱ ጥቅም አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው። ጥቅሙ ግን አደጋ ሲቀንስ ካሣ ባለመክፈሉ ነው፤ እዚህ ላይ የኔም ጥቅም ያው ነው።

ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ድርጅት ደግሞ 2010 ላይ ከተለያዩ አገሮች 35 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ካሜራ ባለበት አካባቢ አደጋ ከ8 እስከ 49 በመቶ ቀንሷል። ሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተለው አደጋ ከ11 እስከ 44 በመቶ። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን አያችሁ? 8 እና 49 አንድ አይደሉም። የጥናቶቹ ጥራት የተለያየ መሆኑንም አጥኚዎቹ ራሳቸው እዚያው ተናግረዋል። ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው፦ አንድ መንገድ ክፉ ዓመት ያሳልፋል፣ አምስት አደጋ ይደርስበታል፣ ሰው ይጮኻል፣ ካሜራ ይተከላል። በሚቀጥለው ዓመት አደጋው ሁለት ይሆናል። ካሜራው ነው? ሊሆን ይችላል። ግን ክፉ ዓመት ያለፈበት መንገድ ምንም ባይደረግለትም ብዙ ጊዜ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሕመሙ ሊለቀው ሲል መድኃኒት እንደወሰደ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ "ካሜራ ተከልን፣ አደጋ በግማሽ ቀነሰ" የሚል ከተማ ስታዩ ከማን ጋር አወዳደራችሁት ብላችሁ ጠይቁ። ሞንትጎመሪን የወደድኩት ለዚህ ነው።

በኔ ግምት እንግዲህ ይሠራል። የሚሠራው ግን ቦታው ላይ ነው።

ኮኔቲከት አቬኑን ቼቪ ቼዝ ላይ የነዳ ሰው ይህን ትርኢት ያውቀዋል። መኪናው ሁሉ እየበረረ ይመጣል፣ ካሜራው ጋ ሲደርስ የፍሬን መብራት በተርታ ቀይ ይሆናል፣ ሁሉም እንደ ሠርግ አጃቢ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ መቶ ሜትር ሳይሄድ ጋዙ ይረገጣል። የካንጋሮ ዝላይ ይሉታል። እኔም ዘልያለሁ። ዌዝ የምትባለው የስልክ መንገድ መሪ ከጎኔ ሆና "ካሜራ አለ" ትለኛለች፤ ጉግል ማፕም ያው ይናገራል። አገር ቤት ይህን ሥራ ነጻ ነበር የምንሠራው። ፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ብልጭ ካደረገ "ትራፊክ አለ፣ ነብር አየኝ በል" ማለት ነው። የማታውቀው ሰው ነው፣ አያውቅህም፣ ግን ከቅጣት ያድንሃል። ካለፍክ በኋላ ደግሞ አንተ ለቀጣዩ ታበራለህ። እንደ ዕቁብ። አሁን ዕቁቡን ስልክ ተረከበው።

ለዚህ ዝላይ መድኃኒት አለው፣ ሞንትጎመሪም ሞክሮታል። 2012 አካባቢ ካሜራ አንድ ቦታ ተክሎ መተው ቀርቶ አንድን መንገድ ከዚህ እስከዚያ "የካሜራ መንገድ" ብሎ መሰየምና ሣጥኖቹን በዚያው መንገድ ላይ ማዘዋወር ተጀመረ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ነዳጅ ማደያው ጋ። የት እንዳለ ስለማታውቁ መንገዱን ሙሉ ቀስ ብላችሁ ትነዳላችሁ። ያ የሞንትጎመሪ ጥናትም ይህ አሠራር ከተተከለው ካሜራ የበለጠ ጉዳት እንደቀነሰ አገኘ። እንግሊዞች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። መግቢያው ላይ አንድ ካሜራ፣ መውጫው ላይ ሌላ፤ በመካከል ያለውን ርቀት በምን ያህል ደቂቃ እንደጨረስክ አስልቶ አማካይ ፍጥነትህን ያወጣል። መዝለል ዋጋ የለውም። ስኮትላንድ ኤ9 ከተባለው ረጅም መንገዷ ትልቅ ክፍሉን 2014 ላይ በዚህ ሸፍናዋለች። እኛ ሰፈር ይህ ቢመጣ እኔ ራሴ እረገም ይሆናል፣ ግን ኮከብ እጨምርለታለሁ።

አሁን ወደ መራራው።

ዲሲ 2015 ላይ "ቪዥን ዜሮ" የሚል ዕቅድ አወጣች። በ2024 በከተማው መንገድ ላይ የሚሞት ሰው ዜሮ እንዲሆን። ዕቅዱ ሲወጣ፣ በ2015፣ የሞቱት 26 ነበሩ። በ2023 ስንት ሆኑ? 52። በ2024ም 52። እጥፍ። በዚህ መካከል ከተማዋ ካሜራ እየጨመረች ነበር፣ 2020 ላይ የመንደር ውስጥ መንገዶችን ፍጥነት ከ25 ወደ 20 አወረደች። የተራ ቦታችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ "ይኸው!" ይላሉ። ጋሼም "አላልኩም?" አሉ።

እኔ ግን ካሜራው ነው የገደላቸው አልልም። ከኮሮና በኋላ አሜሪካ በሙሉ አነዳዷ ተበላሽቷል፣ መኪናውም እያበጠ ነው፣ ከፊቱ ቆሞ የሚሻገር ልጅ የማይታይበት ፒክአፕ ሞልቷል። ካሜራው ባይኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ቁጥሩ ብቻውን አይመልስም። ቁጥሩ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። ካሜራው የሚያርመው የሚከፍለውን ሰው ነው። እኔን አርሞኛል። ፖስታ የሚከፍት፣ መኪናው በስሙ የሆነ፣ 100 ዶላር ሲወጣበት የሚያመው፣ ሥራው በመንጃ ፈቃዱ የተንጠለጠለ ሰው ይታረማል። ታርጋውን በጨለማ ፕላስቲክ የሸፈነው፣ የወረቀት ታርጋ የለጠፈው፣ ፖስታው በየት በኩል እንደሚመጣ የማያውቀው ግን?

መጋቢት 2023 ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። ሌሊት ነው። የሊፍት ሹፌር ሁለት ሰዎች ጭኖ ሲሄድ ከፖሊስ ያመለጠ መኪና በከባድ ፍጥነት መጥቶ ገጫቸው። ሦስቱም ሞቱ። ሹፌሩ እንደኛው ኑሮውን ለማሸነፍ የወጣ ስደተኛ ነበር። ቆይቶ ሲታይ በገጪው መኪና ታርጋ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ያልተከፈለ ቲኬት ተከምሯል፣ አብዛኛው የፍጥነት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ካሜራው ሥራውን ሠርቷል። አይቷል። ደጋግሞ አይቷል። ፎቶ አንስቷል፣ ጽፏል፣ ልኳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ለምን? የዲሲ ካሜራ ለሜሪላንድ ወይም ለቨርጂኒያ ታርጋ ቲኬት ሲልክ እነዚያ ስቴቶች አስከፍለው አይሰጡም፣ የመኪናውን ምዝገባም በዚያ ምክንያት አያግዱም። መኪናው ዲሲ ውስጥ ቆሞ ካልተገኘና ጎማው ካልታሰረ ዕዳው ወረቀት ላይ ይቀራል። እኔ የሜሪላንድ ታርጋ ነኝ፤ በየቀኑ ዲሲ ውስጥ ስለምቆም ግን ከመክፈል ሌላ መንገድ የለኝም። በሌሊት መጥቶ በሌሊት የሚሄደው አለው። 2024 ላይ የከተማው ምክር ቤት ስቲር የሚባለውን ሕግ አወጣና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እንዲህ ያሉትን የሌላ ስቴት ሹፌሮች በፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቀደ፤ ከ2025 ጀምሮም ክሶች ተከፍተዋል። ጥሩ ነው። ዘግይቷል፣ ግን ጥሩ ነው።

ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በዚህ ትስቅብኛለች። "እናንተ ጋ ካሜራ ይለምናል፣ እኛ ጋ ካሜራ ያዛል" ትለኛለች። እነሱ ጋ ከተፈቀደው በ80 ኪሎ ሜትር በላይ ያለፈ 3 ሺህ ድርሃም ይቀጣል፣ 23 ነጥብ ይያዝበታል፣ መኪናው ለ60 ቀን ይታሰራል። ምርቃቱም ቢሆን ዱባይ 20 ኪሎ ሜትር ሲሰጥ አቡ ዳቢ ግን 2018 ላይ ጨርሶ አነሳው፤ ምልክቱ ላይ የተጻፈው ነው የሚሠራው፣ በቃ። እሷ እንደምትለው አቡ ዳቢ ስትገባ መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ራሱ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ዳሽቦርድ ነው የሚያየው። እዚህ እኛ ጋ ካሜራው ነጥብ ስለማይይዝ ሀብታም ሰው እንደ ክፍያ መንገድ ነው የሚያየው። አንዱን ተሳፋሪዬን "ቀስ ልበል፣ ካሜራ አለ" ስለው "እኔ እከፍልልሃለሁ፣ ንዳው" ብሎኛል። አልነዳሁትም። 100 ዶላሩን ተቀብዬ በ25 ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

ስህተትም አለው። አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ መኪናዬ ባልዋለችበት ቀን ቲኬት ላከችልኝ። ፎቶውን ሳየው የሌላ ሰው ግራጫ ካምሪ ነው፣ ታርጋው በአንዲት ፊደል ይለያል። የኔ መኪና ሰማያዊ ናት። ስልክ ደወልኩ፣ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሙዚቃ ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ሰረዙት፣ ይቅርታ ግን የለም። 40 ዶላር ለማትረፍ ግማሽ ቀን ሥራ ከሰርኩ። እንግሊዝኛው የማያስተማምነው ወይም ሁለት ሥራ የሚሠራው ወንድማችን ቢሆን ከፍሎ ይገላገል ነበር። በዚህ ረገድ ሜሪላንድ የቆየ ጠባሳ አላት። ባልቲሞር ውስጥ 2012 ላይ ካሜራው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ለነበረ መኪና የፍጥነት ቲኬት መላኩ በጋዜጣ ወጣ። ቆሞ! ከተማዋ 2013 ላይ ካሜራዎቹን አጠፋች፣ ከዓመታት በኋላ ነው የመለሰቻቸው። 2014 ላይ ስቴቱ ካሜራ አቅራቢ ኩባንያዎች በቲኬት ብዛት እንዳይከፈላቸው የሚከለክል ሕግ አወጣ። መለኪያውን የያዘው ሰው በተለካው ልክ የሚበላ ከሆነ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል መርካቶ የዋለ ሁሉ ያውቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዲሲ ከካሜራ የምታገኘው በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። "ለገንዘብ ነው" የሚለው ሐሜት ከዚህ ይመጣል፣ ሐሜቱም ከባዶ አልተነሳም። እኔ ግን ለገንዘብ መሆኑ ብቻውን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ መንገዱ ነው። የመጀመሪያ ቲኬቴን የበላሁበት መንገድ ዛሬም ያው ነው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር፣ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ። መንገዱ "ብረር" ይላል፣ ምልክቱ "አትብረር" ይላል፣ ካሜራው በሁለቱ ጠብ መካከል ቆሞ ይሰበስባል። ከቲኬቱ ገንዘብ ቀንሰው አንዱን መስመር ቢያጠቡት፣ መሻገሪያው ላይ ከፍ ያለ ጉብታ ቢሠሩ፣ ካሜራው ሥራ ፈት ነበር። ጉብታ ፖስታ አይልክም። ታርጋ የሸፈነውንም፣ የወረቀት ታርጋ የለጠፈውንም፣ እኔንም እኩል ነው የሚያነጥረው።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ትምህርት ቤት አካባቢ ያለው ካሜራ አምስት። ይገባዋል፣ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ሞንትጎመሪ ውስጥ እየተዘዋወረ የሚያስፈራራው አራት፤ አንዱን ለ11 ማይሉ ምርቃት ቀነስኩ። ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ወይም 45 ድንገት 30 በሚሆንበት ቦታ የተደበቀው ሁለት፣ እሱ አድፍጦ መያዝ እንጂ ማስተማር አይደለም። የዲሲው ሦስት። ዐቃቤ ሕጉ ከበረታ ከፍ አደርገዋለሁ።

እኔ ራሴ እንዴት ነኝ? ባለፉት ሦስት ዓመታት አንድም ቲኬት አልመጣብኝም። ጋሼ "ፈርተህ ነው" ይሉኛል። አዎ ፈርቼ ነው። እግሬ ለምዶታል፣ ካሜራ በሌለበትም በ25 ሲሄድ እይዘዋለሁ፣ ከኋላ ያለው ጥሩንባ ይነፋብኛል፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ የማይነገር ይነግረኛል።

ቢሆንም ትናንት ፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ያው የማውቀው ፖስታ ተጋድሞ አገኘሁት። ደንግጬ ፎቶውን አየሁ። መኪናዋ የኔ ናት፣ ታርጋውም የኔ ነው። ከጆርጂያ አቬኑ ታጥፎ የሚገባው መንገድ፣ 25 በሚለው ላይ 41። ቀኑን ሳየው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እኔ ያን ቀን የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነበር፤ መኪናዋን ይዛ ልጆቹን ልታመጣ የሄደችው ባለቤቴ ናት። በ16 ማይል አለፈች ማለት ነው፣ በአዲሱ ዋጋ 70 ዶላር። እኔ ስነዳ ከጎኔ ሆና "ቀስ በል" የምትለኝ እሷ። ቲኬቱ የመጣው በኔ ስም ነው። ከፍዬዋለሁ፣ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።